የኮሚቴውን ጠብ ወጥ ቤት አታስገቡ

ለሄዳችሁትም ለምትሄዱትም ነው የምጽፈው። 22 ዓመት ሲያትል ኖሬያለሁ። ሐዋሳ ከተመለስኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቤቴ ከታቦር ተራራ በታች ነው። ቪዛ የወጣለት የሰፈር ልጅ ሁሉ «እስቲ ምከሪኝ» እያለ ይመጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከውጭ የመጡት ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ቡና እናፈላለን። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። እናቶቹም «አማርኛ እኮ ይሰማሉ፤ አይመልሱም እንጂ» ይሉኛል።

ይቺን ነገር እኔም ለዓመታት ብያታለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሳላባብል ነው የምናገረው።

1. ወረቀት

ፓስፖርታችሁን ሳያልቅ አሳድሱ። የልጆቻችሁን የልደት ማስረጃ አረጋግጡ። ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ አውጡ። ይህን ማንም ይነግራችኋል፤ እኔ ጊዜ አላጠፋበትም።

2. ሐዋላ

ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ እንደምትልኩ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ። ተደብቆ የተላከ ገንዘብ አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም። በዚህ ላይ ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ዛሬ ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

3. ለባህልና ለጥበብ የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ

ሁለት ሦስት ዓመት ከቆያችሁ በኋላ አንድ ሰው ይመጣና «ከተማው ለባህል ገንዘብ ይሰጣል፤ ለምን አናመለክትም?» ይላችኋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ገንዘቡም አለ። በአሜሪካ የፌዴራሉ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም፣ ኤን.ኢ.ኤ. የሚሉት፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ለድጋፍ ከሚያወጣው 40 በመቶው ለየግዛቱና ለየአካባቢው የጥበብ መሥሪያ ቤቶች ይሄዳል። ከተሞችም የየራሳቸው አላቸው። ሲያትል ከ1973 ጀምሮ ከተወሰኑ የግንባታ በጀቶቿ ላይ 1 በመቶ ለጥበብ ሥራ ትመድባለች። እንግሊዝ ያላችሁ ከ1946 ጀምሮ የሚሠራ አርትስ ካውንስል አለላችሁ። ካናዳም በ1957 የራሷን አቋቁማለች።

አሠራሩን ግን ዕወቁ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ቀድሞ እጃችሁ አይገባም። ከኪሳችሁ አውጥታችሁ፣ ደረሰኝ አቅርባችሁ ነው የሚመለስላችሁ። ኤን.ኢ.ኤ. እንደ ደንቡ አንድ ዶላር ሲሰጥ እናንተም ከሌላ ቦታ አንድ ዶላር እንድታመጡ ይጠይቃል። ማኅበራችሁ ለትርፍ ያልቆመ ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ፣ በሚፈቀድበት ቦታ፣ የተመዘገበ ድርጅት ጥላ ይሁናችሁ። ማመልከቻውን በነጥብ የሚመዝን ቡድን አለ። መጨረሻ ላይ ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ደረሰኝ የሚይዝና ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሳታዘጋጁ ከገባችሁበት ወዳጅነታችሁ ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ ገንዘብ የትም አገር ጠብ ያለበት ገንዘብ ነው። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ምክር ቤት በሁለት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራ ተናጠ። «በእኛ ግብር እንዲህ ያለ ነገር ይታያል ወይ?» ተባለ። በዓመቱ ሕጉ ላይ ድጋፍ ሲሰጥ ጨዋነት ከግምት ይግባ የሚል አንቀጽ ጨመሩ። አርቲስቶች ከሰሱ። በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ አንቀጹን አጸናው። በመሀሉ በጀቱ በ1995 ከነበረበት 162 ሚሊዮን ዶላር በዓመቱ ወደ 99 ሚሊዮን ግድም ወረደ። በ2025 ሜይ ላይ ደግሞ ብዙ ድርጅቶች የተፈቀደላቸው ገንዘብ መሰረዙ በኢሜይል ተነገራቸው።

በ2024 የተቋሙ በጀት 207 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለሕዝቡ ቢካፈል ለአንድ ሰው አንድ ዶላር አይደርስም። ታዲያ ለዚች ያን ያህል ለምን ይናጣሉ? ጠቡ ስለ ብሩ ስላልሆነ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የማንን ታሪክ ይናገር፣ የማንን ዝም ይበል፤ ይህ ነው ጥያቄው።

እኛ ደግሞ ከየት እንደመጣን አስቡ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ሕዝቡን ለጣልያን ወረራ የማንቃት ሥራ ነበረው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው በ1948 ዓ.ም. በንጉሡ ስም ተከፈተ። በደርግ ዘመን ቴአትሩም ዘፈኑም በሳንሱር ያልፍ ነበር። አርቲስቱ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። በእኛ ጭንቅላት ውስጥ እንግዲህ መንግሥት ገንዘብ ሰጠው ማለት መንግሥት አጸደቀው፣ ሾመው ማለት ነው።

ይህን ይዘን ነው የተሻገርነው። ሲያትል የነበረው ማኅበራችን ለልጆች የክራር፣ የከበሮና የእስክስታ ትምህርት 12 ሺህ ዶላር ሲፈቀድለት ደብዳቤውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ይሻላል ተብሎ ማመልከቻውንም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። 12 ሺህ ዶላር ለስምንት ወር፣ ለሠላሳ ልጅ ምንም ማለት አይደለም። የአዳራሽ ኪራይ ብቻ ግማሹን ይበላል። ግማሹ ሰው ግን «ከተማው እነ እገሌን የኢትዮጵያ ወኪል አደረጋቸው» ብሎ ነው የሰማው።

ከዚያ ተጀመረ። በመጀመሪያ የየትኛው ብሔረሰብ ጭፈራ ይቅረብ? የትኛው ባንዲራ ይሰቀል? አስተማሪው የማን ዘመድ ነው? ፖስተሩ ላይ ለምን በአማርኛ ብቻ ተጻፈ? ጥያቄዎቹ ከንቱ አልነበሩም። አሁንም እላለሁ፣ ተገቢ ጥያቄዎች ነበሩ። ግን የት ነበር የምንጠይቃቸው? አሜሪካኖቹ ለጠባቸው አዳራሽ አላቸው። ምክር ቤት አላቸው፤ ችሎት አላቸው፤ ተጨቃጭቀው ድምፅ ይሰጡና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኛ በዓመት አንዴ እንኳ ጠቅላላ ጉባኤ በቅጡ አልጠራንም። ስለዚህ ጠቡ በስልክ መጣ። ማታ ማታ፣ እራት ላይ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ።

4. ቤታችሁ

እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በስፒከር ተከፍቷል። ሰብሳቢው ይጮኻል፤ እኔ እጮኻለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቴ ይጀምራል። ያጎቱ ልጅ በወዲያኛው ወገን ነበር። «ዘመዴን በሕዝብ ፊት አዋረድሽው» ይለኛል። እኔም የማልመልሰው ቃል የለም። በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ከምናምን አለፈ።

ልጃችን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እሷ ፊት በእንግሊዝኛ አንጣላም ነበር። እንዳይገባት ብለን ጠብ ሲመጣ ወደ አማርኛ እንዞራለን። ብልህ የሆንን መስሎን! ከእሷ ጋር ስናወራ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ትምህርት ቤት እንዴት ነበር፣ ምን በላሽ፣ ጎበዝ፣ እንወድሻለን፤ ሁሉ በእንግሊዝኛ።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን በአማርኛ አዋርቻት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ተቆጣሁ። «የገዛ ቋንቋሽን ለምንድነው የምትጠይው?» አልኳት። ረጋ ብላ አየችኝና «እማዬ፣ እሱ እኮ እናንተ የምትጣሉበት ቋንቋ ነው» አለችኝ። ይህንንም ያለችው በእንግሊዝኛ ነው።

እንዳይገባት ያልነው ቃሉን ነበር። ድምፁ ገብቷታል። የበሩ በኃይል መዘጋት ገብቷታል። የአባቷ ዝምታ ገብቷታል። አማርኛ ሲጀመር ተነስታ ክፍሏ ገብታ ትዘጋ ነበር፤ እኔ ለትምህርቷ ተጋች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ገንዘቡ ሲያልቅ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ልጆቹ ከቋንቋቸውና ከባህላቸው ጋር ተቀራርበዋል» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶ አያይዤበታለሁ። ልጄ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ከበሮ ይዛ ከፊት ቆማለች። ያን ፎቶ ስናነሳት እያለቀሰች ነበር፤ ፈገግ በይ ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ። ሪፖርቱን ስጨርስ ሌሊት ነበር። እሷ በሯን ዘግታ ተኝታለች።

እና እናንተን ለምን እንደምቆጣ ይግባችሁ። ልጆቻችሁ አማርኛ ጠፋባቸው ብላችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ታመላልሷቸዋላችሁ። ፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ትለጥፋላችሁ። ቋንቋ ግን በፊደል ገበታ አይገባም። ልጃችሁ በአማርኛ «አይዞሽ» ተብላ ታውቃለች? ስትወድቅ «እኔን!» ያላት አለ? «ጎሽ የኔ ልጅ»፣ «እደጊ ተመንደጊ» ከማን አፍ ሰማች? የእኔ ልጅ ከአያቷ ነው የሰማችው፤ እሱም በስልክ፣ በበዓል በበዓል። ከእኔ የሰማችው «ዝም በል!» የሚለውን ነው። ለአባቷ የተባለ።

ስለዚህ የምለውን አድርጉ።

ስልካችሁን እራት ላይ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። የኮሚቴ ስልክ በስፒከር አይወራ፤ ልጅ ባለበት ጭራሽ አይወራ። ማኅበራችሁ ቋሚ የስብሰባ ቀን ይኑረው፤ ክርክሩ እዚያ ይለቅ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከስብሰባ ቀን ውጭ የሚደውል ሰው ቢኖር «ለእሁዱ አቆየው ወንድሜ» በሉት። ይቀየማል። ይቀየም።

ባልና ሚስት በአንድ ማኅበር ሁለት ወገን ከሆናችሁ አንዳችሁ ከኮሚቴ ውጡ። ሁለታችሁም ብትወጡ ደግሞ ማኅበሩ አይፈርስም። እኔ «ያለ እኔ ማን ይጽፈዋል?» እያልኩ አራት ዓመት ቆየሁ። ከወጣሁ በኋላ ሌላ ሰው ጻፈው፤ ከእኔም የተሻለ ጻፈው። ትዳሬ ግን ተተኪ አላገኘም። ያ ጠብ ብቻውን አላፋታንም፤ በሩን ግን ወለል አድርጎ የከፈተው እሱ ነው።

ከተጣላችሁ ልጅ ፊት ታረቁ። ልጅ ፊት መጣላቱን ስንችልበት፣ ስንታረቅ መኝታ ቤት ገብተን በር ዘግተን ነው። ልጁ የጠቡን መጨረሻ አያይም። «ይቅርታ አድርጊልኝ» የሚለውን ቃል በአማርኛ፣ በአባቱ ድምፅ ይስማ።

የማኅበር ጉዳይ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብታችሁ አትዘርግፉ። ሽማግሌ አጥታችሁ አይደለም። እዚያም አገር ጸጉሩ የሸበተ፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ሞልቷል፤ የማይጠራው እናንተ ናችሁ።

እዚህ ሐዋሳ ከመጣሁ በኋላ ያየሁትን ላክልበት። ጎረቤቴ የሲዳማ እናት ናቸው። የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ሲደርስ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብት አይተው ቀኑን ይናገራሉ። ዩኔስኮ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጉዱማሌ ሐይቁ ዳር ሲዘፈን ሕዝቡ ለጉድ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከዘፈኑ በፊት ያለው ነው። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አዲሱን ዓመት አይሻገርም። ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ። ከዚያ ቤተሰቡ ማታ ተሰብስቦ ከአንድ ገበታ ቡሪሳሜውን፣ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራውን ምግብ፣ ይበላል። ጭፈራው በማግስቱ ነው። መጀመሪያ እርቁ፣ ቀጥሎ ማዕዱ፣ ከዚያ ዘፈኑ። እኛ ሲያትል ከዘፈኑ ጀመርን፤ ማዕዱ ላይ ተጣላን፤ እርቁ ጋ ሳንደርስ ተበተንን።

5. ቤት ስለ መግዛት

እዚህ ላይ አገር ቤት ኮንዶሚኒየም ስለሚገዙ ሰዎች ልጽፍ አስቤ ነበር። ይቅር። ሌላ ጊዜ።

ልጄ አሁን 23 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን መጣች። ሦስት ሳምንት ቆየች። አሞራ ገደል ወስጃት ዓሣ በላን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እግራችን ሥር ቆመው ትራፊ ሲጠብቁ ሳቀች። አማርኛ አላዋራኋትም፤ አውሪኝም አላልኳት። ለባጃጅ ነጂው፣ ለቡና ሻጯ፣ ለጎረቤቴ ግን እኔ በአማርኛ ስናገር ትሰማለች። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ድምፄን ከፍ አላደረግሁም።

ጫምባላላ ዕለት የሰፈሩ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ!» እያሉ በራችን ላይ መጡ። ልጄ ወጥታ ምን ልበላቸው ብላ ጎረቤቴን ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት፤ ተቀብላ መለሰችላቸው። የመጀመሪያ የአገር ቤት ቃሏ ሲዳምኛ ሆነ። እሰይ አልኩኝ።

ወደ ሲያትል ከተመለሰች በኋላ እሁድ እሁድ ድምፅ ትልክልኛለች። አጭር ናት፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ትላለች። የቀረው እንግሊዝኛ ነው። ባለፈው እሁድ ሥራ በዝቶባት ደክሟት ነበር። ስልኩን ከስፒከር አውጥቼ፣ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሁለት ጊዜ ሰማኋት። ከዚያ በቀስታ «አይዞሽ የኔ ዓለም» ብዬ ላክሁላት።