የመንገዱ መጨረሻ ላይ አትቸኩሉ

ውድ ወጣቶች፣

በድሮ ስፖርት መኪና ረጅም መንገድ ልትወጡ ስትሉ መካሪ አይጠፋም። ዘይት ለኩ፣ ጎማ እዩ፣ መለዋወጫ ቺንጋ ያዙ ይሏችኋል። ልክ ናቸው። ስለ መድረሻው ግን የሚያነሳ የለም። እኔ ዕድሜዬን በእነዚህ ሞተሮች ላይ የፈጀሁ መካኒክ ነኝ። መኪናው መንገድ ላይ የደረሰበትን ሁሉ የሚናገረው ከቆመ በኋላ ነው። አድምጡት።

መጀመሪያ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎሜትሮች ዝግ ብላችሁ ንዱ። ሞተር ሲጠፋ ውሃው መዞሩን ያቆማል፣ ማራገቢያውም ይቆማል። ብረቱ ውስጥ የታመቀው ሙቀት መሄጃ ስለሌለው ለጥቂት ደቂቃ ጭራሽ ይጨምራል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ የቀረው ቤንዚንም ይፈላል። መኪናውን ትንሽ ለማስጠጋት ቁልፍ ስታዞሩ አልነሳ ያላችሁ እንደሆነ አትደንግጡ፣ ነዳጅም ደጋግማችሁ አትርገጡ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ጠብቁት። የራዲያተሩን ክዳን ግን እስኪበርድ እንዳትነኩ።

ዘይት አለካክ ከመኪና መኪና ይለያያል። እስከ እ.ኤ.አ. 1998 የተሠራው በአየር የሚቀዘቅዘው ፖርሽ 911 ዘይቱ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ነው። ቀዝቅዞ ከለካችሁት የጎደለ ይመስላችሁና ትርፍ ትጨምራላችሁ። ኤምጂቢ የሚባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ላይ ደግሞ ሞተሩን አጥፍታችሁ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ትጠብቃላችሁ።

እጥበቱ ይቆይ። አቧራውና የዘይት ፍንጣቂው ማስረጃ ነው፣ ካጠባችሁት ጠፋ። ማታ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ዘርጉ። ጠዋት ጠብታው የት እንደወደቀና ምን እንደሚመስል እዩ። ጥቂት ጥቁር የሞተር ዘይት በእነዚህ መኪኖች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በጎማው በኩል ቀጠን ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ጠብታ ካያችሁ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። ሳይጠገን እንዳይነዳ።

ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ለስልሶባችሁ ነበር? የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲገባው ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ቀይሩት።

እኔ በጣም የምወደው ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ ማየትን ነው። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ አንድ በአንድ ፍቱና በቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ጥቀርሻ የለበሰው ቤንዚን በዝቶበታል። የነጣው ቤንዚን አንሶት ወይም ሙቀት በዝቶበት ይሆናል። ዘይት ያረጠበው ደግሞ ከበድ ያለ ነገር እየነገራችሁ ነው። መንገድ ተዘጋግቶ ስትንፏቀቁ ከደረሳችሁ ግን ቀለሙ ያሳስታል፤ በሚኒሞ ብዙ የቆየ ሞተር ካንዴላውን ያጠቁራል።

መኪናችሁ እንደ ጃጓር ኢ-ታይፕ ባለ ሽቦ ቸርኬ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ሽቦ በትንሽ መፍቻ መታ መታ አድርጉት። የጠበቀው ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ ይታፈናል።

ለወራት የምታቆሙት ከሆነ ዘይቱን ስታቆሙት ቀይሩ እንጂ ስታስነሱት አይደለም። የተሠራበት ዘይት አሲድና እርጥበት ይዟል፣ ቆሞ ሲከርም ውስጡን ይበላዋል። ከቀየራችሁ በኋላ ሞተሩን አስነስታችሁ በደንብ እስኪሞቅ አሠሩት፣ አዲሱ ዘይት ሁሉም ጋ ይድረስ።