ኬሞ የጀመሩ እናት ዓይን፦ ስለ እርድ፣ ተልባና ጠብታ

ሰላም እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ኬሞ ከጀመሩ ወዲህ እንባቸው አልቆም ስላለ እርድ ወይም ተልባ ይረዳቸው እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም ለጡት ካንሰር ዶሴታክሴል የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት ስወስድ እንዲሁ ነበርኩ። ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አላለቀስኩም!

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ስም ካርዳቸው ላይ እዪ። ዶሴታክሴልና ፍሎሮዩራሲል እንባ ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚወርድበትን ቀጭን ቱቦ ጠባብ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ በተለይ ዶሴታክሴል በየሳምንቱ ሲሰጥ ይብሳል። የጠበበውን የሚከፍት ቅጠልም ዱቄትም የለም። ቶሎ ከተደረሰበት ግን የዓይን ሐኪም ትንሽ የሲሊኮን ቱቦ ያስገባበታል፤ ጨርሶ ከተደፈነ ነገሩ ወደ ቀዶ ጥገና ይሄዳል። ስለዚህ «ኬሞው ሲያልቅ ይተዋቸዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። ደረቅ ዓይንም ያስነባል፤ እሱ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለው ሰው ሠራሽ እንባ ያስታግሰዋል። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ነው።

ተልባውን ይጠጡ፣ ምግብ ነው። ግን በውስጡ ባለው ኦሜጋ 3 በሚባለው ቅባት ላይ ብዙ ተስፋ አትጣዪ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ደረቅ ዓይን ያለባቸው ሰዎች ዓመት ሙሉ በቀን 3000 ሚሊግራም ኦሜጋ 3 ከዓሣ ዘይት ወስደው፣ የወይራ ዘይት ከተሰጣቸው የተሻለ ለውጥ አላገኙም። እርድም በወጥ ውስጥ ችግር የለውም። በእንክብል የሚሸጠው የእርድ ንጥር ግን ጉበት የኬሞውን መድኃኒት የሚያስወግድበትን መንገድ ሊነካ ስለሚችል ለካንሰር ሐኪማቸው ሳይነገር አይጀመር። ጎመንና የእንቁላል አስኳልም ለዓይን ጥሩ ናቸው፣ መብላት ከቻሉ።

ጎረቤት ደግሞ «ማር ቀቡት፣ ጤና አዳም ጨምቃችሁ ጠብ አድርጉበት» ማለቱ አይቀርም። እሺ እንዳትሉ! ነጭ የደም ሴላቸው በወረደበት ሰዓት ያልተጣራ ነገር ዓይን ውስጥ ማስገባት ኢንፌክሽን መጥራት ነው። የጤና አዳም ጭማቂማ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን እንኳ ያቃጥላል።

«ተፈጥሯዊ» ካልሽ አንድ ልንገርሽ፦ በረዶ። ፍሎሮዩራሲል በደም ሥር በአንዴ ሲሰጥ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በተጨፈነ ዓይን ላይ መያዝ የዓይን መቆጣትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ነርሷን አስፈቅዳችሁ ሞክሩት።

ዓይናቸውን ካመማቸው፣ ብርሃን ማየት ካቃታቸው ወይም እይታቸው ከደበዘዘ ግን የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ። የመድኃኒቱን ስም ስታገኚ እዚሁ ጻፊልኝ።