ኪሎም ዕዳም አንድ ላይ መቀነስ ለምትፈልጉ ወጣት ባለትዳሮች

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሂሳብ ሥራ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ሂሳብ ውጪ ግን ብዙ ወጣት ባለትዳሮች የቤታቸውን ወጪ በወረቀት ጽፈው እያመጡ «እስቲ ይህን ይመልከቱልን» ይሉኝ ነበር። አሁንም ይሉኛል። አብዛኞቹ ሁለት ጭንቀት ይዘው ነው የሚመጡት። ዕዳው አልወርድ ብሏል። ሰውነትም ከብዷል፣ ሐኪምም ክብደት ቀንሱ ብሏቸዋል። ጥያቄያቸው ደግሞ አንድ ነው፤ የቱን እናስቀድም?

እኔ አንዱንም አታስቀድሙ ነው የምለው። አንድ ላይ ያዟቸው። ይህን የምለው ጀግና እንድትሆኑ ፈልጌ አይደለም፤ ሁለቱም የሚበላሹት በአንድ ሰዓት ስለሆነ ነው። ከሥራ ደክሟችሁ ትገባላችሁ፣ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ነገር የለም። በዚያ ሰዓት ስለ ካሎሪም ስለ ወለድም የሚያስብ ሰው የለም። ምግብ ከውጪ ይታዘዛል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ በቃ።

አንድ ባልና ሚስት የወር ወጪያቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት፣ የብድር ክፍያ፣ ሁሉም በየመደቡ በንጹሕ ጽሑፍ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር አለ። ስንደምረው ከኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ እሱ ሆኖ ተገኘ። ደረሰኞቹንና በስልክ የተከፈሉትን አንድ በአንድ አወጣናቸው። አብዛኛው ከሥራ መውጫ እስከ መኝታ ባለው ጊዜ የወጣ ነበር፤ በመንገድ ላይ የተገዛ መክሰስ፣ የታዘዘ እራት፣ መጠጥ፣ ማታ ልጆችን ለማባበል የተገዛ ጣፋጭ። ሚስቲቱ ወረቀቱን እያየች ዝም አለች፤ ከዚያ «ኪሎውም እዚህ ነዋ ያለው» አለች። እውነቷን ነው።

ስለዚህ በጀት ስትሠሩ የገንዘብ ብቻ አይሁን። በአንድ ወረቀት ላይ በአንዱ በኩል የሳምንቱን እራት፣ በሌላው በኩል የሳምንቱን ገንዘብ ጻፉ። ሰባቱንም እራት ማቀድ ካቃታችሁ በጣም የሚደክማችሁን ሦስት ቀን ብቻ አቅዱ። ለእነዚያ ቀናት በዕረፍት ቀናችሁ በዛ አድርጋችሁ አብስሉና አስቀምጡ። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ እንቁላል፤ ርካሽ ናቸው፣ ያጠግባሉ። በአሜሪካ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። 20 ሰዎች በአንድ ተቋም ውስጥ ተቀምጠው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በጣም የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳርና ስብ ተመጣጣኝ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ብሉ ተባሉ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ገደማ አስበልጠው በሉ፣ ክብደትም ጨመሩ። በሌላው ጊዜ ቀነሱ። ማንም ራሳችሁን ግዙ አላላቸውም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ነገር ቢኖር፣ ቤት ውስጥ ያለው ምግብ ከተስተካከለ ግማሹ ትግል ቀለለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ ቁጥሩን ያላየ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣልና። 60,000 ዕዳ አለባችሁ እንበል፣ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ፣ ማለትም በወር 2 በመቶ። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 1,200 ነው። በየወሩ 1,500 የምትከፍሉ ከሆነ ከዋናው ብድር ላይ የሚቀነሰው 300 ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው የሚያልቀው ወደ 7 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ከዚያ «ልዩ ልዩ» ውስጥ 500 አውጥታችሁ ክፍያውን 2,000 ብታደርጉት ግን ከ4 ዓመት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በወር 500 ሦስት ዓመት ገደማ ያሳጥራል፣ ከወለድም ወደ 29,000 ያተርፍላችኋል። ይህን ስሌት በራሳችሁ ብድር ላይ ሥሩት፤ ሌሊት የሚያስጨንቃችሁ ነገር መልክ ሲይዝ ጭንቀቱ ይቀንሳል።

ብድሩ ብዙ ከሆነስ? ወለዱ ከፍተኛ የሆነውን ቀድሞ መክፈል ብዙ ገንዘብ ያድናል። ትንሹን ዕዳ ቀድሞ መዝጋት ደግሞ ልብ ይሰጣል። የወለዱ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ከፍተኛውን አስቀድሙ፤ ተቀራራቢ ከሆነ ግን ትንሹን ዝጉና ተደሰቱ። ከሁሉም በፊት ግን ትንሽ መጠባበቂያ ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አለበለዚያ አንድ ልጅ ሲታመም አዲስ ብድር ይመጣል።

ወደ ክብደቱ ስንመጣ፣ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በቀን 500 ካሎሪ ብታጎድሉ መጀመሪያ አካባቢ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይወርዳል፤ ቆይቶ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለውም ያነሰ ነው። አልሠራም ብላችሁ አትተዉት። ሚዛን ላይ በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ጨምሮ ብታዩም አትደንግጡ፤ ውሃና ጨው ነው፣ ስብ በአንድ ሌሊት እንደዚያ አይጨምርም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከምግብ በፊት ተመዘኑ፣ ይበቃል። ግማሽ ሊትር ስኳር ያለው ለስላሳ ወደ 200 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በየቀኑ የምትጠጡ ከሆነ እሱን በውሃ መተካት ብቻውን ሚዛኑም ላይ ኪሳችሁም ላይ ይታያል።

ብዙ መቀነስም አይጠበቅባችሁም። ለስኳር በሽታ በተጋለጡ ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ግቡ የሰውነትን ክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። ይህን መንገድ የተከተሉት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ከ6 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። 150 ደቂቃ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር መንገድ ነው። በነፃ ነው!

ይህን «በነፃ» የምትለዋን ያዙልኝ። ዕዳ ያለበት ሰው ክብደት ለመቀነስ ገንዘብ ማውጣት የለበትም። የዓመት የጂም ክፍያ፣ የማቅጠኛ ሻይ፣ ዱቄት፣ በብድር የተገዛ የመሮጫ ማሽን፣ እነዚህ ሁሉ ዕዳ ላይ ዕዳ ናቸው። በአንድ ወር ይህን ያህል ኪሎ ትጥላላችሁ ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትስሙት። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ነው፣ እሱም ይመለሳል።

ከዚህ የባሰም አለ፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። አንዳንድ እናቶችና አባቶች ዕዳ ሲከብዳቸው ራሳቸው ምግብ መዝለል ይጀምራሉ፤ «ገንዘቡም ይተርፋል፣ እኔም እቀንሳለሁ» ይላሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ የዋለ ሰው ማታ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፣ እንቅልፉም ይበላሻል፣ በማግስቱ ደግሞ የባሰ ይርበዋል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የምታጠቡ፣ ለስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪም አነጋግሩ። ኢንሱሊን እየወሰዱ ምግብ መዝለል አደገኛ ነው። ልጆችን በጭራሽ ራሳችሁ አታስርቡ፤ እያደጉ ናቸው። ለእነሱ የሚለወጠው ቤት ውስጥ የሚገባው ምግብ እንጂ የሳህናቸው መጠን አይደለም። ስለ ሰውነታቸውም ፊታቸው ላይ አታውሩ። ያልተናገራችሁ ቢመስላችሁም ይሰማሉ፣ ለዓመታትም ይዘውት ይኖራሉ።

ስለ ዕዳው ግን ንገሯቸው፣ በዕድሜያቸው ልክ። «በዚህ ዓመት ከውጪ አናዝም፣ የምንከፍለው ነገር አለ» ቢባሉ ይገባቸዋል። ባልና ሚስት ደግሞ አንዱ ለአንዱ የሚደብቀው ብድር አይኑር። የተደበቀ ብድር በበጀት አይያዝም። በሳምንት አንድ ጊዜ ቁጭ በሉ፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ገንዘቡን እዩ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት እራት ጻፉ፣ ተነሱ። በዚያ ሰዓት የቆየ ቂም አይነሣ። አንዱ በሳምንቱ ካጠፋ ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ደክሞት ይሆናል፣ ያልታቀደ ቀን መጥቶ ይሆናል፣ ያ ቀን በሚቀጥለው ዕቅድ ውስጥ ይገባል።

ክፉ ወር ደግሞ ይመጣል። ሥራ ይቋረጣል፣ ሰው ይታመማል። በእንዲህ ያለ ወር ክብደት አለመጨመር ይበቃችኋል፤ መቀነሱ ይቆይ። ዕዳው ላይም ተጨማሪ መክፈሉን አቁሙ፣ መደበኛውን ክፍያ ብቻ ክፈሉ። እሱም የማይቻል ከሆነ የመክፈያው ቀን ሳያልፍ አበዳሪውን ራሳችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ቀኑ ካለፈና ቅጣት ከተቆጠረ በኋላ የሚሄድ ሰውና ቀድሞ የሚሄድ ሰው እኩል አይስተናገዱም። የክፍያ ጊዜ ማራዘም ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ ማራዘሙ በጠቅላላው ስንት ወለድ እንደሚጨምር አስሠሉ፤ የተስማማችሁበትን ሁሉ በጽሑፍ ሳትቀበሉ አትውጡ።