ኒውትሮን በምን ይለካል? የወርቁ ቅጠልስ ለምን አሳነሰ?

ጥያቄ፦ ኒውትሮን (ከአቶም እምብርት፣ ከኒውክለስ፣ ቅንጣቶች አንዱ) ቻርጅ የለውም፤ በማግኔት አይታጠፍም። ታዲያ «ይህን ያህል ጉልበት ያለው ኒውትሮን በዚህ ኒውክለስ የመያዝ ዕድሉ ይህን ያህል ነው» የሚሉት በምን ለክተው ነው?

መልስ፦ በሰዓት ነው። የተነሣበትን ቅጽበትና የተጓዘውን ርቀት ካወቁ፣ የደረሰበት ሰዓት ጉልበቱን ይነግርዎታል። ርቀቱን በሜትር፣ ጊዜውን በማይክሮሰከንድ ይያዙ፤ ርቀቱን በ72.3 አባዝተው ለጊዜው ያካፍሉ፤ የወጣውን በራሱ ሲያባዙት ጉልበቱን በኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት በሚለካበት አሃድ) ያገኛሉ።

ጄኔቫ አጠገብ፣ ሰርን በተባለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ውስጥ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውን የኒውትሮን መለኪያ፣ ኤን ቶፍን፣ እንውሰድ። ፕሮቶኖች በጥቂት ናኖሰከንድ ምት ከእርሳስ ብሎክ ጋር ይላተማሉ። ከዚያ የፈለቁት ኒውትሮኖች አየሩ በተመጠጠ ቧንቧ 185 ሜትር ያህል ተጉዘው የሚለካው ናሙና ጋ ይደርሳሉ። 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው በ13 ማይክሮሰከንድ ሲገባ፣ 4.9 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው 6 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ከሁሉም ቀድሞ፣ በ0.6 ማይክሮሰከንድ፣ የጋማ ጨረር ብልጭታ ይደርሳል። ሰዓቱን ለማስተካከል ይጠቅማል፤ ግን ዲቴክተሩን (ኒውክለስ ኒውትሮን ሲይዝ የሚወጣውን ጋማ የሚቆጥረውን መሣሪያ) ለአፍታ ስለሚያሳውረው ፈጣኖቹን ኒውትሮኖች መቁጠር ያስቸግራል።

አድካሚው ሥራ ግን የውሸት ቆጠራን ማጥራት ነው። ናሙናው ሳይዛቸው ነጥረው የወጡ ኒውትሮኖች በዲቴክተሩ አካል ወይም በግድግዳው ይያዙና፣ ናሙናው የያዛቸው ይመስል ጋማ ያስወጣሉ። ዲቴክተሩ ሃይድሮጅኑ በዴውቴሪየም (በከባዱ ሃይድሮጅን) በተተካ ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ኬሚካሉ) የሚሞላውም ለዚህ ነው፤ ካርቦንም ሆነ ዴውቴሪየም ኒውትሮን የሚይዙት ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ ወፍራም የብር፣ የተንግስተንና የኮባልት ሳህን መንገዱ ላይ ይጋረዳል። ብር በ5.2፣ ተንግስተን በ18.8፣ ኮባልት በ132 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ኒውትሮን አያሳልፉም። እዚያ ነጥብ ላይ አሁንም የሚቆጠር ካለ ትርፍ ነውና ይቀነሳል። ሳህኖቹ ትርፉን ራሱን ስለሚያሳንሱት ደግሞ በባዶ የናሙና መያዣ፣ ያለ ሳህን፣ እንደገና ይለካል።

ጥያቄ፦ በሪአክተር ውስጥ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የወርቅ ቅጠል የኒውትሮን ፍሰት ስንለካ፣ በካድሚየም (ቀርፋፋ ኒውትሮኖችን በሚያስቀረው ብረት) የተሸፈነው ቅጠል ከስሌታችን በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጠናል። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ቅጠላችሁ ወፍሯል። ወርቅ በ4.9 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ከ20 ሺህ ባርን በላይ ክሮስ ሴክሽን፣ ማለትም ኒውትሮን የመያዝ ዕድል፣ አለው (ባርን የዚህ ዕድል መለኪያ ነው፤ በእንግሊዝኛ ጎተራ ማለት ነው፤ ለኒውክለስ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ ስለታያቸው የወጣ ስም)። በዚህ ጉልበት የመጣ ኒውትሮን 10 ማይክሮን እንኳ ሳይሄድ ይያዛል። ላይኛው ቆዳ ሁሉን ይበላና ውስጡ ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ስሌታችሁ ግን ወርቁ ሁሉ እኩል እንደተመታ ቆጥሯል።

መፍትሔው 0.1 ከመቶ ወርቅ ያለበት የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ወርቁ ኒውትሮን ሲይዝ ራዲዮአክቲቭ የሆነው ወርቅ 198 ይሆናል፤ ከእሱ ወጥቶ የሚቆጠረው ጋማ 412 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ የወርቅ 198 ግማሽ ዕድሜ 2.7 ቀን ስለሆነ በሳምንቱ አንድ ስድስተኛው ብቻ ይቀራልና ቆጠራውን አታሳድሩት። ካድሚየሙ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ጠርዙ ግን በደንብ ይገጠም። ክፍተት ካለው ቀርፋፋዎቹ ኒውትሮኖች ሾልከው ይገቡና ስህተቱ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ከሚገባው በላይ ይወጣል።