መብራቱ «ሞልቷል» ይላል፣ ታንከሩ ባዶ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ ገዝቼ ጋራዥ አስገባሁትና አልጋ፣ ማድቤትና ሽንት ቤት ያለው የቤት መኪና አደረግሁት። እንግዳ ይዤ ከጣና እስከ ጮቄ እዞርበታለሁ። ሦስት የፕላስቲክ ታንከር አለው፦ የንጹሕ ውኃ፣ የእጣቢና የሽንት ቤት። የሽንት ቤቱ ነገር አስመርሮኛል። አስመጥጬው እንኳ መብራቱ «ሁለት ሲሶ ሞልቷል» ይላል። ውሸቱን ነው ብዬ ስተወው ደግሞ ያን ቀን እውነቱን ነበር፤ ጮቄ ላይ እንግዶቹ ፊት ገንፍሎ ወጣ። ምን ዓይነት መለኪያ ልግዛ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ በጮቄ ብርድ እሱን ስታጥብ ታየኝ።

መብራትህ አልተበላሸም። ታንከሩ ጎን ላይ ተበስተው የገቡ ብሎን የሚመስሉ ነገሮች አሉ አይደል? ፈሳሽ ሲነካቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፍና መብራቱ ይበራል። ሶፍትና ቆሻሻ ከተጣበቀባቸው ግን ርጥበቱ ብቻውን ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፤ ታንከሩ ባዶ ሆኖም መብራቱ አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ እጠበው። ግማሽ ድረስ ውኃ ሙላ፣ ፈሳሽ ሳሙና ጨምር፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ እያንገጫገጭክ ንዳውና አስመጥጠው። መብራቱ ከጠፋ ጥፋቱ የቆሻሻው ነበር ማለት ነው። ተመልሶ መምጣቱ ግን አይቀርም፣ በተለይ እንግዶችህ ውኃ እየቆጠቡ ሲለቁ።

መግዛትህ ካልቀረ ታንከሩን ሳይበሳ ከውጭ የሚለጠፈውን ሴንሰር ግዛ። ቆሻሻው ስለማይነካው ቶሎ አይሳሳትም። የሚሠራው ግን በፕላስቲክ ላይ ነው፤ ታንከሩ የላሜራ ቢሆን ኖሮ ገንዘብህን አታባክን እልህ ነበር። ስትለጥፈውም ከሻንሲው ብረት አርቀው።

በግፊት የሚለካም አለ፣ ከታች ሆኖ የውኃውን ክብደት የሚያነብ። ጥሩ ነው፣ ግን እኛ አገር አንድ ጣጣ አለው። ከአባይ ድልድይ ተነስተህ ደጀን ስትደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥተሃል፣ ጆሮህም ይነግርሃል። በዚያ መሃል የአየሩ ግፊት የሚቀንሰው ከ1 ሜትር ከሚበልጥ የውኃ ቁመት ጋር እኩል ነው! ያንተ ታንከር ቁመቱ ከግማሽ ሜትር አይበልጥም መሰለኝ። ስለዚህ ዙሪያው የተደፈነ ሴንሰር ድልድዩ ላይ «ሙሉ» ያለህን ደጀን ላይ «ባዶ» ይልሃል። የውጭ አየር የሚያስገባ ቀጭን ቱቦ ያለው ከሆነ ግን ችግር የለም። ሳትከፍል በፊት ሻጩን ጠይቀው፤ ጥያቄው ካልገባው ሌላ ሱቅ ሂድ።

ለእጣቢው በድምፅ ሞገድ የሚለካውን አልመክርህም። የሳሙናው አረፋ ያሳስተዋል። ለንጹሕ ውኃው ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ግልጥልጥ ያለ ጎማ ግጠምለትና በማርከር ምልክት አድርግበት፣ በቃ። ብቻ ሜዳ ላይ ቆመህ አንብብ፤ ዳገት ላይ ሁሉም መለኪያ ይዋሻል።

እኔ ግን ከሁሉም የማምነው ቆጠራን ነው። አንድ ጊዜ ሲለቀቅ ስንት ውኃ እንደሚሄድ በጆግ ለካ። 1 ሊትር ከሆነና ታንከሩ 60 ሊትር ከያዘ፣ እንግዶቹ የሚጨምሩትም ስላለ፣ 40 ጊዜ ከተለቀቀ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ፈልግ። በሩ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ስቀል። ፈረንጆቹ ይስቃሉ፣ ግን ይጽፋሉ። ቢሞላብህም ወንዝ ዳር ቆመህ እንዳትለቀው፤ ከታች ሰው ይጠጣዋል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ትንሽ ፔንሲዮን አለችኝ። ሮቶው ቆጥ ላይ ስለሆነ ውኃው ማለቁን የምሰማው እንግዳ ሳሙና ተቀብቶ ሲጮኽ ነው። ሳልወጣ የማውቅበት ዘዴ አለ?

መልስ፦ አለ እህቴ፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። በደንብ የተከደነ ባዶ የ5 ሊትር ጀሪካን ሮቶው ውስጥ ይንሳፈፍ። ገመድ እሰሪበትና በክዳኑ በኩል አውጥተሽ ከውጭ ትንሽ ድንጋይ አንጠልጥዪበት፤ ድንጋዩ ከጀሪካኑ እንዳይከብድ ብቻ ተጠንቀቂ። የሚያሳየው የተገላቢጦሽ ነው፦ ድንጋዩ ወደ ላይ ከወጣ ውኃሽ እያለቀ ነው። ለሠራተኞችሽ ይህን ደጋግመሽ ንገሪያቸው።