መዝገቡን ራስሽ አንብቢ፣ ቀኑንም ራስሽ ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «የሕግ ዲግሪ አለኝ፣ የጥብቅና ፈቃድ ግን የለኝም። ሐዋሳ ውስጥ ነፃ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ማዕከል በሕግ ረዳትነት ልጀምር ነው። ሥራው ያለጥፋታቸው የተፈረደባቸውን ሰዎች ይግባኝ ማዘጋጀት ነው። ምን ልዘጋጅ?» ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ «ሕገ መንግሥቱን ከልሺ»፣ «እንግሊዝኛሽን አሻሽዪ» ብለውሻል። ሕጉን ተምረሽዋል፣ እሱን ተይው። እኔ እዚሁ ሐዋሳ እንዳንቺው ያለ ፈቃድ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ያልነገሩሽን ልንገርሽ።

ፈቃድ የለኝም ብለሽ አትሸማቀቂ። አሜሪካ ውስጥ ጂም ማክሎስኪ የሚባል ሰው አለ። የሥነ መለኮት ተማሪ ሆኖ እስር ቤት እስረኞችን ይጎበኝ ነበር። ጠበቃ አልነበረም። አንድ እስረኛ «እኔ አልገደልኩም» ሲለው አመነው። ከዚያ መዝገቡን አነበበ፣ ምስክሮቹን በእግሩ እየዞረ ፈለገ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ሰውየው ነፃ ወጣ። ችሎት ፊት ቆሞ የሚከራከረው ጠበቃው ነው። ጠበቃው የሚከራከርበትን ነገር ፈልጎ የሚያመጣው ግን ረዳቱ ነው። ይሄን በኩራት ነው የምነግርሽ።

1. ቀን። የተፈረደበት ሰው ይግባኝ እንደሚል ለማስታወቅ 15 ቀን አለው። የፍርዱ ግልባጭ እጁ ከገባ በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 ነው፣ ታውቂዋለሽ። ሥራ ስትጀምሪ የሚገርምሽ ግን ወደ አንቺ የሚመጡት አብዛኞቹ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጡ መሆናቸው ነው። እስረኛው ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ገጠር ነው። መሐል ላይ ጉዳይ አስፈጽማለሁ እያለ ገንዘብ የሚቀበል ጉዳይ ገዳይ አለ።

ቀኑን ለምን እንዲህ እንደማከብደው ልንገርሽ። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ከፍርድ በኋላ አዲስ ማስረጃ ቢገኝ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 6 ይዘሽ ፍርዱ እንደገና ይታይልኝ ትያለሽ። ስለ መሬት ወይም ስለ ብድር ይሄ በር ተከፍቷል። በወንጀል፣ የሰው ዕድሜ በሚሄድበት ጉዳይ፣ የ1954ቱ ሕግ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። ሰበር ብትሄጂም የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን እንጂ ማን የት ነበር የሚለውን አይደለም። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን ማሳየት የምትችዪበት የመጨረሻው ቦታ ይግባኙ ነው። እዚያ ላይ አንቀጽ 194 አለልሽ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ተጨማሪ ማስረጃ መቀበል ይችላል። ይሄን ዕድል በቀን ምክንያት ማጣት ያንገበግበኛል።

2. ግልባጭ። ግልባጭ በቃል አትጠይቂ። በጽሑፍ ጠይቂ፣ ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፣ አንዱ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተምና ቀን አስመቺበት። እምቢ ቢሉሽ ቆመሽ ጠብቂ።

የምጽፍልሽ ስለ አንድ መዝገብ ቤት ነው፣ ስሙን አልጠራም። መስኮቷ ላይ የምትቀመጠዋ ሠራተኛ ሰው ሲያናግራት ቀና አትልም ነበር። «ታይፕ አላለቀም። ነገ።» በማግስቱ «ጸሐፊዋ ወጥታለች። ሰኞ።» ከይርጋለም ወዲያ የመጣ ሽማግሌ ለዚች አንዲት ቃል የትራንስፖርት ከፍሎ፣ ጾሙን ውሎ ይመለሳል። ፊቴ ላይ «አንቺ ጠበቃ ነሽ? ታዲያ ምን አገባሽ?» ተብያለሁ። የሚያገባኝ ሕግ አለኝ። ይግባኝ የማለት መብት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል። ያለ ግልባጭ ይግባኝ የለም፣ ስለዚህ ግልባጩን የያዘችው ሴትዮ መብቱን ይዛዋለች ማለት ነው። አልጮህኩባትም። ማመልከቻዬን አቀረብኩ፣ ማህተም እስክትመታ ከመስኮቱ አልተነሳሁም።

3. ይቅርታ ከይግባኝ በፊት አይቅደም። እዚህ ላይ የአንድ ልጅ ጉዳይ ልንገርሽ፣ ሌላው ምክሬ ሁሉ እሱ ውስጥ አለ።

ልጁ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ስፌት ላይ ይሠራ ነበር። ፓርኩ በ2008 መጨረሻ ተመርቆ ወጣቱ ከየወረዳው ወደ ሐዋሳ የጎረፈበት ጊዜ ነው። እሱም መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራየ። አንድ ቀን ከምሽቱ 4፡30 ላይ አንዲት ሴት መንገድ ላይ በስለት አስፈራርተው ቦርሳዋንና ስልኳን ቀሟት። ኋላ ላይ ልጁ ተያዘ። ሴትዮዋ ጣቢያ ተጠራች። እሱ ብቻውን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። «ይሄ ነው?» አሏት። «ይመስለኛል» አለች። ችሎት ላይ ስትቀርብ «ይመስለኛል» ጠፍታ «እሱ ነው» ሆነች። ከባድ ውንብድና፣ 11 ዓመት ጽኑ እስራት።

ሴትዮዋ ዋሸች አልልሽም። ጨለማ ነው፣ ፈርታለች፣ ከዚያ ፖሊስ አንድ ሰው ብቻ አስቀምጦ ያሳያታል። ባሪ ሼክና ፒተር ኒውፌልድ በ1992 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ያቋቋሙት ኢኖሰንስ ፕሮጀክት በዲኤንኤ ምርመራ ብዙ ሰው ነፃ አውጥቷል። በዲኤንኤ ነፃ በወጡት ሰዎች መዝገብ ላይ ደጋግሞ የሚገኘው ስህተት ይሄው ነው፤ ከልቡ እርግጠኛ የሆነ፣ ግን የተሳሳተ የዓይን ምስክር። እኛ ጋ ዲኤንኤ ይመጣልኛል ብለሽ አትጠብቂ። እኛ ያለን ወረቀት ነው።

አባትየው ፍርዱ በተሰጠ በሳምንቱ «ይግባኝ ለማለት ግልባጭ ይሰጠኝ» ብለው በጽሑፍ አመለከቱ። ያው «ነገ» ተባሉ። ከዚያ ፍርድ ቤት በር ላይ የማይጠፋ አንድ ጉዳይ ገዳይ አገኛቸው። «ይግባኝ ጊዜ መፍጀት ነው፣ ዳኛ ዳኛን አይሽርም። ይቅርታ ይቀላል» አላቸው። በሬ ሸጠው ከፈሉት። ማመልከቻ ጻፈ፣ ልጁ ማረሚያ ቤት ሆኖ ፈረመ። ምን ላይ እንደፈረመ አላነበበም፣ ማንም አላነበበለትም።

ወረቀቱ ላይ «ጥፋቴን አምኜ ከልብ ተጸጽቻለሁ» ይላል።

ይቅርታ ሲጠየቅ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ሰውየው መጸጸቱ ነው። ያላጠፋ ሰው በምን ይጸጸታል? ያቺ ዓረፍተ ነገር ኋላ ዋጋ አስከፈለችን። በይግባኙ ላይ ዐቃቤ ሕጉ ከማረሚያ ቤት አስመጥቶ «ይኸው፣ አምኗል» ብሎ አቀረባት። ጠበቃችን ከፍርድ በኋላ ሌላ ሰው የጻፈው መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ ብዙ ቀጠሮ ሄደ። ልጁ በእያንዳንዱ ቀጠሮ መሐል ታስሮ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ደንበኛሽ «ይቅርታ ልጠይቅ ወይ?» ካለሽ መጀመሪያ ይግባኙ የት እንደደረሰ እዪ። አመክሮም ቢሆን ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። ሁለቱም ከግቢው ያስወጡታል፣ ወንጀለኛ የሚለውን ስም ግን አያነሱለትም።

ወደኛ ሲመጡ ቀኑ አልፏል። አባባ የያዙት ሁሉ ፌስታል ውስጥ ነው፦ የቀበሌ መታወቂያ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የልጁ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት። ከስር ያቺ የግልባጭ ማመልከቻ አለች፣ ማህተም የተመታባት። ቀኗ 15ቱ ቀን ሳይሞላ ነው። አንቀጽ 191ን ይዘን «ጊዜው ያለፈው በእሱ ጥፋት አይደለም፣ በጽሑፍ ጠይቆ ተከልክሎ ነው» አልን። ይግባኙ እንዲቀርብ ተፈቀደ። ያቺ ወረቀት ባትኖር ልጁ ዛሬም እዚያው ነው።

አሁን ስለ ንባብ። መዝገቡን ስትቀበዪ ከፍርዱ አትጀምሪ። ፍርዱ ዳኛው ያየውን ነው የሚነግርሽ። ከኋላ ጀምሪ፣ ከተያያዙት ወረቀቶች። ተከላካይ ጠበቃው የፋብሪካውን የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀት በመከላከያ ማስረጃነት አያይዞ ነበር። ስንት መዝገብ ተሸክሞ እንደሚሮጥ ስለማውቅ እሱን አልወቅስም። ወረቀቱ ላይ ልጁ በዚያ ሌሊት የገባበት ሰዓት 9፡48 ይላል፣ የወጣበት 6፡05። ፍርዱ ምን ይላል? «ተከሳሹ ከሌሊቱ 9፡48 ላይ ሥራ የገባ በመሆኑ፣ ድርጊቱ ከምሽቱ 4፡30 ከመፈጸሙ ጋር አይጋጭም።» እንዲያውም ዘርፎ ወደ ሥራ እንደሄደ አድርጎ ተረድቶታል።

ወረቀቱን አቅርቤ አየሁት። ፎቶ ኮፒ ነው። የቀኙ ጠርዝ ተቆርጧል፣ ከሰዓቱ ቀጥሎ የነበረው ኤኤም፣ ፒኤም የሚለው ምልክት የለም። በግራ በኩል የቀኑ አምድ አለ። ዓመቱ 2018 ይላል። ያኔ እኛ 2010 ላይ ነበርን። ቀኑን በፈረንጅ የሚቆጥር ማሽን ሰዓቱን በሐበሻ አይቆጥርም! 9፡48 ማለት በኛ ከምሽቱ 3፡48 ነው። ልጁ ሴትዮዋ ከመዘረፏ 42 ደቂቃ በፊት ፋብሪካ ገብቷል። የወጣውም ጠዋት 12፡05 ነው። ነፃ የሚያወጣው ወረቀት ነው የታሰረበት።

በዚህ አላበቃም። ፋብሪካው ዋናውን እንዲሰጠን ጠየቅን። የሰው ኃይል ክፍሉ «ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ አንሰጥም» አለ። ጠበቃችን በ194 መሠረት ትዕዛዝ እንዲሰጥለት አመለከተ። ትዕዛዙ ሲደርሳቸው ያልተቆረጠውን ወረቀት ላኩ፣ ፒኤም የሚለው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሌሊቱ ፈረቃ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 መሆኑን፣ በመሐል የሚወጣ ሰው በካርዱ እንደሚመዘገብም ጻፉ። በልጁ ስም መሐል ላይ የተመዘገበ መውጫ የለም። ፍርዱ ተሽሮ በነፃ ተሰናበተ።

ስለዚህ ማንኛውም መዝገብ ላይ ሰዓትና ቀን ስታዪ «በማን አቆጣጠር?» ብለሽ ጠይቂ። የሐኪም ካርድ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ የካሜራ ምስል በፈረንጅ ሰዓት ሊሆን ይችላል። የፖሊስ ቃል መቀበያ ደግሞ በኛ ነው። ምስክሩ «ሦስት ሰዓት» ካለ የጠዋት ይሁን የማታ ተጠይቆ እንደሆነ ፈልጊ። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ አድርገሽ ለጠበቃው ስጪው። ዳኛም ቢሆን እንዲህ ተዘርዝሮ ሲቀርብለት ያያል።

4. ቋንቋ። ልጁ ሲታሰር ሐዋሳ ደቡብ ክልል ውስጥ ነበረች፣ መዝገቡ በአማርኛ ነበር። ከ2012 ወዲህ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ነው፣ የሥራ ቋንቋውም ሲዳምኛ ነው። ሲዳምኛ ማንበብ ካልቻልሽ ከአሁኑ ጀምሪ። ትርጉም ላይ ብቻ ተደግፈሽ መዝገብ አትመርምሪ። ደንበኛሽ ችሎቱ የሚሠራበትን ቋንቋ የማይሰማ ከነበረ አስተርጓሚ ተሰጥቶት እንደሆነ እዪ። በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ማግኘት መብቱ ነው፣ አንቀጽ 20 ንዑስ 7።

ማረሚያ ቤት ስትሄጂ ከማዕከሉ የትብብር ደብዳቤ ያዢ። ስልክሽን አያስገቡልሽም፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃሻል። እስረኛውን «አድርገኸዋል?» ብለሽ አትጀምሪ። «የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ንገረኝ» በይው። ምን በላ፣ ከማን ጋር ዋለ፣ ማን ደወለለት። ከዚያ ውስጥ ወረቀት የሚተው ነገር ይወጣል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ቀርቷል። ልጁ ወጣ፣ ካሳ የሚባል ነገር ግን የለም። ሥራው ሄዷል፣ የአባቱ በሬ ሄዷል፣ በሬውን የበላው ሰውዬ ዛሬም እዚያው በር ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 ንዑስ 6 ላይ በስህተት ተፈርዶበት የመጨረሻ ፍርዱ በአዲስ ማስረጃ ለተሻረለት ሰው ካሳ ይገባዋል ይላል። እኛ ጋ ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ በአዲስ ማስረጃ የሚሻርበት በር በሌለበት፣ ካሳው በየት በኩል ይመጣል? ይሄ እንዲስተካከል የምትጮሁት እናንተ አዲሶቹ ናችሁ።

የአንቀጽ 191 ማመልከቻና የሰዓት ሰንጠረዡ ናሙና እኔ ጋ አለ፣ የሰው ስም አጥፍቼ አዘጋጅቼዋለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሥራ ሳትጀምሪ እልክልሻለሁ።