ሳልለካ የጻፍሁት የደም ግፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ስድስት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ሁለት ሆነን 22 ሕመምተኞች ይዘን አደርን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መለካት የነበረብኝን የአምስት ሰዎች የደም ግፊትና የልብ ምት ሳልለካ ቀረሁ፤ ሊነጋጋ ሲል ከቀደመው ልኬት ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ሞላሁበት። ኃላፊዬ ደረሰችበት። ጉዳዩ ወደ ፈቃድ ሰጪው አካል እንደሚሄድ ተነግሮኛል። ማንም ሳይጎዳ የሙያ ፈቃዴ ሊነካ ይችላል? ወይስ “ለክቼ ነበር፤ ስጽፍ ነው የዘገየሁት” ብል ይሻላል?

መልስ፦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ባትጽፋት ኖሮ ደስ ባለኝ። ለእኔ ጽፈሃታል፤ ለሌላ ለማንም እንዳትጽፋት።

አዎ፣ ሊነካ ይችላል። የጉዳት መኖርና አለመኖር የቅጣቱን ክብደት ይለውጣል እንጂ ጥፋቱን አይፍቀውም። ሐኪሙ መድኃኒት የሚጨምረውም የሚቀንሰውም አንተ የጻፍኸውን ቁጥር አምኖ ነው። ስለዚህ ሐሰተኛ መዝገብ፣ ሞርፊን ከመስረቅ፣ ሰክሮ ሥራ ከመግባት፣ የሕመምተኛን ምስጢር ከማውጣትና ከፈቃድ በላይ ከመሥራት ጋር በአንድ ዝርዝር ይቀመጣል። ቅጣቱ ግን ሰፊ ነው፤ ከጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጀምርና በሌላ ነርስ ክትትል ሥር መሥራት፣ እገዳ፣ ሲብስም ስረዛ ድረስ ይሄዳል።

ጡረታ ሳልወጣ የነርሶችን ክስ በሚያይ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። አንድ መዝገብ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ስምንት አልጋ፣ የስምንቱም ትንፋሽ በደቂቃ 20። የተኛውም 20፣ በኦክስጅን ያለውም 20። ከእነርሱ አንዱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የልብ ምቱ 82 ተብሎ ተጽፎለታል፤ ሐኪሙ ሞቱን ያረጋገጠው ግን 11 ሰዓት ከ20 ላይ ነበር። ነርሷ የንጋቱን ዓምድ ቀደም ብላ ሞልታ አስቀምጣው ኖሯል። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን አዝነንላት ነበር፤ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። እርሷ ግን “የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው” አለች። ሰዓቱ ታየ፤ ደህና ይሠራል። በክትትል ሥር ትሥራ ልንል የተዘጋጀነው ሰዎች ለእገዳ እጃችንን አወጣን።

ያንተም “ለክቼ ነበር” እንደዚያው ነው። ብዙ የመለኪያ መሣሪያዎች የለኩበትን ሰዓት ያስቀምጣሉ፤ የኮምፒውተር መዝገብም መቼ እንደጻፍህ ያውቃል።

እውነት መናገር ሁልጊዜ ፈቃድ ያድናል ብዬ ግን አልሸነግልህም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንዲት ነርስ ማረጋጊያ ልትሰጥ ሄዳ ጡንቻ የሚያሽመደምድ ቬኩሮኒየም ሰጠች፤ ማስጠንቀቂያው የጠርሙሱ ክዳን ላይ ነበረ። ሕመምተኛዋ ሞተች። ነርሷ ስሕተቷን ወዲያው አመነች፤ ያም ሆኖ በ2021 ፈቃዷ ተሰረዘ፣ በ2022 ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላት። ያንተ ጉዳይ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው።

አሁን መዝገቡ ላይ አንድ ፊደል አትንካ። ለማረም ተብሎ የሚሰረዝ ነገር ሁለተኛ ክስ ይወልዳል። የሆነውን በራስህ ቃል ጻፍ፤ የትኞቹን አምስት ሕመምተኞች እንዳልለካህ ለይተህ አስቀምጥ። ሁለት ነርስ ለ22 ሰው መሆናችሁንም ግለጽ፤ ይህ ሰበብ ሳይሆን ኮሚቴው ሊያውቀው የሚገባ እውነታ ነው። ከማስገባትህ በፊት የሙያ ማኅበርህ ወይም ጠበቃ ይየው። ደብዳቤ ሲመጣ በተሰጠህ ቀን ውስጥ መልስ ስጥ። ሥራ በመልቀቅ ፋይሉ ይዘጋል የሚሉህ ካሉ አትስማቸው፤ ክሱ የሚከተለው ፈቃድህን ነው።

ጥያቄ፦ በዚህ ዓመት በነርስነት ተመርቄያለሁ። በ19 ዓመቴ በስርቆት ተፈርዶብኝ ነበር። የፈቃድ ማመልከቻው “ተፈርዶብዎ ያውቃል?” ይላል። የቆየ ነገር ስለሆነ ብተወውስ?

መልስ፦ አትተዪው፣ ልጄ። የቆየ የወጣትነት ጥፋት ብዙ ጊዜ ከነማብራሪያው ታይቶ ይታለፋል፤ የደበቅሽው ግን በራሱ መከልከያ ምክንያት ይሆናል፤ ፈቃዱን ካገኘሽ በኋላም እንኳ ሊያሰርዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በፍሎሪዳ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስነት ዲፕሎማዎች መሸጣቸው ይፋ ሲሆን፣ ፈቃድ ሰጪዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ፋይል ሲያገላብጡ ነው የከረሙት። የፍርዱን ግልባጭ አያይዢ፣ ቅጣቱን መፈጸምሽን የሚያሳይ ማስረጃ ጨምሪ፣ ከዚያ ወዲህ አብረውሽ የሠሩ ሁለት ሰዎች የጻፉትን ደብዳቤ አክዪበት። ማብራሪያሽ ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ኮሚቴ ረጅም ነገር አያነብም።